ያልደረሰ ስለት

አባቴ በአዲግራት ቤታቸው፣ ከአልጋቸው ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ አንድ ጥቅል ጧፍ አስቀምጠዋል። በሕፃንነቴ ታምሜ ተስፋ በተቆረጠብኝ ጊዜ «ልጄ ከተረፈልኝ ጧፍና ዕጣን ይዤ ደብረ ቢዘንን እሳለማለሁ» ብለው ተስለው ነበር። እኔ ተረፍሁ። ስለቱ ሳይደርስ ግን በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ፤ ድንበሩም ተዘጋ።

ደብረ ቢዘን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ፊልጶስ የተመሠረተ፣ ከአሥመራ በስተምሥራቅ፣ ከነፋሲት በላይ ባለው ተራራ ላይ የሚገኝ የወንዶች ገዳም ነው። አባቴ በወጣትነታቸው አንድ ጊዜ ወጥተውታል። ሰላም ቢሆን ከአዲግራት ያን ያህል ሩቅ አይደለም፤ እርሳቸው ግን መንገዱን ሃያ ዓመት ጠበቁት።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ ድንበር ሲከፈት እኔ ዋሽንግተን ሆኜ በቴሌቪዥን ተመለከትሁ። ወዲያው ደውዬ «አባባ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይሂዱ» አልኋቸው። «የተሳልሁት ስለ አንተ ነው፤ አብረን እንወጣለን» አሉኝ። ለገና የዓመት ፈቃድ ወስጄ ትኬት ቆረጥሁ። በታኅሣሥ፣ እኔ ከመድረሴ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በዛላምበሳ ያለ ፈቃድ ወረቀት ማለፍ ተከለከለ። ወረቀቱን ማን እንደሚሰጥ ስንጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ጠቆመን። በአዲስ አበባ በኩል በአውሮፕላን መሄድ ይቻል ነበር፤ አባቴ ግን «በሩ ደጄ ላይ ነው፤ ነገ ይከፈታል» አሉ። እልከኝነታቸውን አልወቅስም። እኔም እንደሚከፈት አምኜ ነበር።

ሙያዬ የድንበር ንግድ ስምምነቶችን ማንበብ ነው። ወደ ሥራ ስመለስ የሐምሌ 2010 ዓ.ም. የአሥመራውን የጋራ መግለጫ እንደ አዲስ አነበብሁት። የጦርነቱን ማብቃት ያውጃል፤ ትራንስፖርት፣ ንግድና መገናኛ እንዲቀጥል ይላል። ማን፣ በምን ወረቀት፣ በየትኛው ኬላ እንደሚያልፍ ግን አንድም ቃል የለውም። ያ ሁሉ ሕዝብ የተሻገረው በመሪዎች መልካም ፈቃድ ነበር። ፈቃዱ ሲነሣ «የትኛው አንቀጽ ተጣሰ?» ብሎ የሚጠይቅበት አልነበረውም።

የፑንጃብ ተወላጅ የሆነች የሲክ እምነት ተከታይ ባልደረባዬ የእናቷን ታሪክ ያወጋችኝ በዚያ ሰሞን ነው። የሲክ እምነት መሥራች ጉሩ ናናክ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት በካርታርፑር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ስፍራው ከድንበሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ በፓኪስታን በኩል ቀረ። እናቷ ከሕንድ ወገን ከተሠራ መመልከቻ ላይ ሆነው በመነጽር ብቻ ይሳለሙት ነበር።

እ.ኤ.አ. 2019 ለሁለቱ አገሮች ክፉ ዓመት ነበር። በፌብሩዋሪ የጦር አውሮፕላኖቻቸው ተጋጠሙ፤ በኦገስት በካሽሚር ጉዳይ ንግዳቸው ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 24 ግን የካርታርፑርን መተላለፊያ ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ ጠባብና ግልጽ ነው። ተሳላሚው ያለ ቪዛ ጧት ገብቶ ማታ ይመለሳል፤ 20 ዶላር ይከፍላል፤ በቀን እስከ 5,000 ሰው ያልፋል፤ የስም ዝርዝሩም አስቀድሞ ይላካል። ካሽሚርን ማንም ለማንም አልለቀቀም። የባልደረባዬ እናት ግን ደጁን በእጃቸው ዳሰሱ።

ወረቀት ሁሉን አይፈታም። መተላለፊያው በወረርሽኙ ሳቢያ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ተዘግቷል፤ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ግጭቱ ሲያገረሽም ሕንድ በበኩሏ ዘግታዋለች። ልዩነቱ ስምምነቱ በኦክቶበር 2024 ለአምስት ዓመት የታደሰ መሆኑ ነው፤ ተሳላሚው ይከፈት ብሎ ሲጠይቅ የሚጠቅሰው ሰነድ አለው።

በእኛ ዘንድ ውይይቱ ሁሌ በትልቁ ጉዳይ ይጀምራል፤ ወደብ፣ ወሰን፣ ሉዓላዊነት። እነዚህ እስኪፈቱ የአባቴ ዕድሜ አይጠብቅም። ለኅዳር ጽዮን አክሱም፣ ለግንቦት 21 የከረንዋ ማርያም ደዓሪት፣ ለሙስሊሞች ነጋሽ፣ ለእነ አባቴ ደብረ ቢዘን ቢቆጠሩ፣ ቀንና ቁጥር የተወሰነለት፣ አብያተ እምነቱ ዝርዝሩን የሚያረጋግጡት፣ ሲዘጋም ምክንያቱና ጊዜው በጽሑፍ የሚነገርበት አንድ አጭር ስምምነት ይበቃል። ማንም መንግሥት በዚህ አቋሙን አይለውጥም። በውጭ ያለን ባለሙያዎች ረቂቁን ጽፈን ለሁለቱም ወገን ማቅረብ እንችላለን፤ እኔ የበኩሌን ጀምሬአለሁ።

ባለፈው ስደውል አባቴ ስለ ጧፉ ነገሩኝ። «እኔ ካልሆነልኝ አንተ ታደርሰዋለህ» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልሁ። መቼ እንደሆነ አልጠየቁኝም።