አልዞር ያለችው የቀሪቦ ቧንቧ

ባለፈው የዒድ አል ፈጥር ዋዜማ ባለቤቴ ከጓዳ ጠራችኝ። «እስቲ ናማ፣ ይቺ ቧንቧ አልዞር አለችኝ» አለች። ጡረታ የወጣ ሰው የቤቱ ጥገና ሠራተኛ መሆኑ አይቀርምና ፒንሳዬን ይዤ ገባሁ።

ጓዳ ውስጥ የቆመው 20 ሊትር የሚይዝ፣ ከታች ቧንቧ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ልጃችን ከአዲስ አበባ ስትመጣ ያመጣችልን ነው። ውስጡ ለበዓሉ የተዘጋጀ ቀሪቦ አለ። ለማያውቀው አንባቢ ልንገር፦ ገብስ እስኪጠቁር ይቆላና ይከካል፤ በውኃ ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠለልና ስኳርና የዳቦ እርሾ ተጨምሮበት ያድራል። በእኛ በከሚሴና በዙሪያዋ ዒዱም ሠርጉም ያለ እሱ አያምርም።

የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ብርጭቆውን ይዞ ከቧንቧዋ ሥር ቁጢጥ ብሏል፤ ከሁሉ ቀድሞ መቅመስ ፈልጓል። መዘውሯን በፒንሳ አጥብቄ ጠመዘዝኩ። ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ጉልበቴን ሰብስቤ ልሞክር ስል ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። «ቆይ እንጂ! ክዳኑን አላየኸውም?»

ቀና ብዬ ሳየው ክዳኑ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

ልጁን ወዲያው ወደ ግቢ አስወጣሁት። ቧንቧዋ በእጄ ተሰብራ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ግፊት የሚወጣው በእሱ ፊት ላይ ነበር። በሥራ ዘመኔ በቤት ውስጥ አደጋ ዓይናቸው የተጎዳ ልጆችን አክሜያለሁ። ሁልጊዜም ከአጠገባቸው «አላሰብኩትም ነበር» የሚል ትልቅ ሰው ይቆማል። ያን ቀን ያ ሰው እኔ ልሆን ምንም አልቀረኝም።

የነገሩ ምክንያት ቀላል ነው። እርሾ ስኳሩን ሲበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። እንደ ከሚሴ ባለ ሞቃት አገር ደግሞ ሥራውን ያፋጥናል። እናቴ ቀሪቦ የምታዘጋጀው በእንስራ ነበር፤ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍነዋለች፤ ጋዙም በጨርቁ በኩል ይወጣል። የእኛ ፕላስቲክ ግን ክዳኑ ተጠምዝዞ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ነው። አዲስ ዕቃ ስንይዝ የድሮውን ጥንቃቄ ጣልነው።

ፒንሳውን አስቀመጥኩ። ፊቴን ዞር አድርጌ ክዳኑን በጥቂት በጥቂቱ አላላሁት። እስስ... እያለ ለረጅም ጊዜ ተነፈሰ። ሲበርድለት ቀሪቦውን ከላይ በታጠበ ጭልፋ ወደ ድስት ገለበጥን። ከዚያ ቧንቧዋን ፈትቼ ለብ ባለ ውኃ ዘፈዘፍኳት። የፈላ ውኃ ፕላስቲክ ስለሚያጣምም አልተጠቀምኩም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሁለት ጣት ዞረች። ውስጧን ሳየው ካለፈው ጊዜ የቀረ የገብስ ዝቃጭና ስኳር እንደ ሙጫ ደርቆባታል። በአዲስ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት፤ አጠብኳት፤ ክብ ጎማዋን በቦታው መልሼ ገጠምኳት። ማፍሰስ አለማፍሰሷን በንጹሕ ውኃ ከፈተሽኩ በኋላ ቀሪቦው ተመለሰ።

የሚያሳፍረኝ ይህ ነው፦ ነርስ ሆኜ ሳገለግል ለተለማማጆች ደጋግሜ የምነግራቸው ነገር ነበር። የተዘጋ ካቴተር በጉልበት አይገፋም፤ መጀመሪያ ለምን እንደተዘጋ ይታያል። ዲፕሎማው ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ ትምህርቱን ጓዳ ውስጥ ያስታወሰችኝ ግን ባለቤቴ ናት።

እንዲህ ዓይነት ዕቃ ቤታችሁ ላለ ወላጆችና አያቶች ጥቂት ልጨምር። እርሾ ያለበትን መጠጥ ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ። በደንብ አጥልሉት፤ ዕቃው ባዶ በሆነ ቁጥር ቧንቧውን ፈትታችሁ እጠቡ። ፀረ ተባይ ወይም ነጭ ጋዝ የነበረበት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለሚጠጣ ነገር አይሁን። ደግሞም እርሾ ከጋዙ ጋር አልኮልም ይሠራል፤ ቀሪቦ በሙቀት በቆየ ቁጥር አልኮሉ ይጨምራል። ስለዚህ ለልጆችም፣ በእምነታቸው ምክንያት አልኮል ለማይቀምሱም ትኩሱ እንጂ የሰነበተው አይቅረብ። ስኳር ያለብን ሽማግሌዎች ደግሞ በበዓል ስም ብርጭቆ ባንደጋግም መልካም ነው።

በበዓሉ ቀን ከሶላት መልስ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ቤታችንን ሞላው። የልጅ ልጄ ብርጭቆውን ይዞ መጣና ቧንቧዋን በትንሽ ጣቱ ነካ አደረጋት። ቀሪቦው ፈሰሰ። «አባባ፣ ቀላል እኮ ናት!» አለኝ።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አልተናገረችም።