ኩሽናው በፈረንሳይኛ፣ ሳሎኑ በአማርኛ

«ፈረንጅ አገር ይግባ እንጂ ቋንቋውንማ በሦስት ወር ይለቅመዋል» ይባላል እኛ ሰፈር። ኧረ ተዉ እናንተዬ! ቋንቋ እንደ ጉንፋን በአየር የሚጋባ ቢሆን ኖሮ ሞንትሪያል ሰባት ዓመት የኖረችው ታላቅ እህቴ ፈረንሳይኛ ባስተማረች ነበር። እሷ ግን እኔ አጠገቧ ስደርስ ከ«ቦንዡር»ና ከ«መርሲ» አላለፈችም።

ሞንትሪያል የካናዳ ከተማ ናት፤ ኩቤክ በሚባለው ክፍለ ሀገር ስላለች ግን አፏን የፈታችው በፈረንሳይኛ ነው። በ1977 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የቋንቋ ሕግ የሱቁን ታፔላ ሳይቀር ፈረንሳይኛ አስለብሶታል፤ የመጤውም ልጅ በአብዛኛው የሚማረው በዚያው ቋንቋ ነው። በ2022 ሌላ ሕግ ተጨምሮ፣ መጤው ከገባ ከስድስት ወር በኋላ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በፈረንሳይኛ እንዲያነጋግሩት ሆነ፤ ለጤናና ለመሳሰለው ግን ቀዳዳ ተትቶለታል። መሃል ከተማ ባለሱቁ «ቦንዡር፣ ሃይ» ብሎ በሁለት ቋንቋ ስለሚቀበላችሁ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚኖር ይመስላችኋል። ጉዱ የሚመጣው ወረቀት ስትሞሉ ነው።

እህቴ ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች፣ ቀን ትተኛለች። አብረዋት የሚሠሩት አበሾች፣ እንጀራ የምትሸጥላት አበሻ፣ ፀጉሯን የምትሠራት አበሻ። እንዲህ ከሆነማ ሞንትሪያልና ካዛንቺስ ልዩነታቸው በረዶው ብቻ ነው! መንግሥት ለመጤዎች በነፃ የሚሰጠው የፈረንሳይኛ ትምህርት እንዳለ ብታውቅም ሰዓቱ ከእንቅልፏ ጋር አልታረቀም።

ታዲያ አስተርጓሚዋ ማን ነበር? የዘጠኝ ዓመት ልጇ! ትምህርት ቤት ተጠርተው መምህሯ «ክፍል ውስጥ ትረብሻለች» ስትል፣ ልጅት ሆዬ «ጎበዝ ናት ትላለች» ብላ ትተረጉማለች። ይኼ ያስቃል። የማያስቀው የክሊኒኩ ነው። ሐኪሙ የእናትየው ጡት ላይ ዕጢ ማግኘቱንና ናሙና መወሰድ እንዳለበት የነገረው ለልጅቷ ነው፤ እሷ ለእናቷ እንድትነግር። ልጅቷ ቃሉን በአማርኛ አታውቀው፤ «እማዬ፣ ኳስ አለሽ አለ» አለቻት። ዕጢው ክፉ እንዳልሆነ እስኪታወቅ ድረስ ያቺ ልጅ ከእናቷ አልጋ አልወረደችም። ያን ሰሞን ነው እህቴ «ከእንግዲህ በልጄ አፍ አልታመምም» ያለችው።

እና ኩሽናውን ለፈረንሳይኛ ሰጠነው። ሕጉ አጭር ነው፤ የኩሽናውን በር ካለፋችሁ አማርኛ የለም። ያመለጠው ሃያ አምስት ሳንቲም ጣሳ ውስጥ ይጥላል። (በመጀመሪያው ወር ጣሳው ሞልቶ ፒዛ በልተንበታል።) ዕቃው ሁሉ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ለወንድ ሰማያዊ፣ ለሴት ቀይ። ፈረንሳይኛ ጠረጴዛን ሴት፣ ቢላዋን ወንድ ይላል፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው። እኛ «ወጣች» የምንላት ፀሐይ እንኳ እነሱ ዘንድ ወንድ ነው! ሽሮስ ሲባል ልጅቷ ትንሽ አሰብ አድርጋ «ወንድ» ብላ ፈረደች፤ የሽሮው ዕቃ ሰማያዊ ተለጠፈበት።

ራዲዮ ካናዳ ከጠዋት ጀምሮ ይከፈታል። ዜናው በየሰዓቱ ስለሚደጋገም መጀመሪያ ጩኸት የነበረው በሦስተኛው ላይ ቃል ቃል ይሆናል። በተለይ የአየር ጠባዩን አትለፉት፤ «ሙዋን ቫን» ማለት ከዜሮ በታች ሃያ መሆኑን አንዴ ስስ ጃኬት ለብሶ የወጣ ሰው ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ስልክ ቁጥር መቀበል ደሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሰባ «ስልሳ አሥር»፣ ሰማንያ «አራት ሃያ»፣ ዘጠና ሰባት ደግሞ «አራት ሃያ አሥራ ሰባት» ነው። ማታ ማታ ልጅቷ ቁጥር ትጠራለች፣ እኛ ሽንኩርት እየከተፍን እንደግማለን።

ለአበሻ ጆሮ ከባዱ ድምፅ አንድ ነው። «ላይ» እና «ሥር» የሚሉት ሁለት ቃላት እኛ ስንሰማቸው ሁለቱም «ደሱ» ናቸው። «ላይ» ለማለት ከንፈርን እንደ «ኡ» አሹሎ ውስጥ ውስጡን «ኢ» ማለት ነው፤ መስተዋት ፊት ቆማችሁ ሞክሩት። በአንጻሩ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለውን ልዩነት ማንም አያስተምረንም። ቢሮ፣ ጋራዥና ሾፌርም ድሮ የወሰድናቸው ናቸው። ለገሀር ማለት እኮ «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው፤ በ1917 (እ.ኤ.አ.) አዲሳባ የደረሰው የፈረንሳዮቹ ባቡር ትቶልን የሄደ!

ሳሎኑን ግን ለአማርኛ አስቀረነው። ብዙ አበሻ ልጆቹ ይጥሩ ብሎ ቤቱን ሙሉ በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ይሞላዋል፤ እኔ አይዋጥልኝም። ልጅ ጥሩውን ፈረንሳይኛ ከትምህርት ቤት ያመጣል፤ አማርኛውን ግን ከእናቱ ካላገኘ ከየት ያምጣ? እናታችን እሁድ እሁድ ከአዲሳባ ስትደውል ትንሹ ልጅ «ዊ» እና «ኖን» ብቻ ስለሚላት «ይኼ ልጅ በየትኛው አፉ ነው የሚያወራኝ?» ትል ነበር። የሳሎኑ ሕግ ከወጣ ከአምስት ወር በኋላ ስልኩን ቀምቶ «እማማ፣ ጥርሴ ወለቀ!» ሲላት፣ እሷ ለቅሶ ስልኩ ሳይዘጋ ደቂቃው አለቀ።

ከስምንት ወር በኋላ እህቴ ለክትትል ተቀጥራ ሄደች። ልጇን ኮሪደር ላይ ከመጽሐፏ ጋር አስቀምጣ ብቻዋን ገባች። ሐኪሙ ሲፈጥንባት «ፕሉ ላንትማን፣ ሲል ቩ ፕሌ» ማለት ቀስ ይበሉ እባክዎ አለችው፤ ይቺን ዓረፍተ ነገር ከሁሉ በፊት ያዟት። ሃያ ደቂቃ ቆይታ ስትወጣ ልጅቷ «ምን አለሽ?» ብትላት «የትልቅ ሰው ወሬ ነው» ብላ ካፖርቷን ቆለፈችላት።

ፓሪስ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። የኩቤክ ፈረንሳይኛ የራሱ ጠባይ አለው። ሞንትሪያል ያለ ሰው «ዲኔ» ብሎ ከጋበዛችሁ ብዙ ጊዜ ምሳ ነው፤ ፓሪስ ግን እራት ነው። ሞንትሪያል ማታ ከሄዳችሁ ድስቱ ታጥቦ ነው የምትደርሱት።