ያኮረፈችኝ መስሎኝ ነበር

መቼም በዚህ ገጽ ፍቅርና ኩርፊያ፣ ቅናትና እርቅ ለምዳችኋል። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ መኪና ጭስ ማውጫ ነው። «እሱ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ። ኩርፊያውም ይመጣል።

አባቴ ትቶልኝ ያለፈ አንድ ቮልስ አለኝ። ባለ 1300 ሞተር ናት፤ በዕድሜ የእኔ እጥፍ ትሆናለች። እኔ አዲስ አበባ እየኖርኩ እሷ አምቦ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው የምትውለው። «ሽጣት» ይሉኛል። ሸጬ ምን ልግዛ? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ ጭራሽ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ በየጋዜጣው እየጻፈ የሚኖር ሰው ያለችውን አሮጊት ማስታመም ነው ያለው። ደግሞ ቮልስን አትናቁ። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የተሳፈሩት በቮልስ ነበር። አባቴ ይህን እያነሳ «ንጉሥ የጫነች መኪና» ይላት ነበር፤ የእኛዋ የጫነችው ጤፍና ዘመድ ብቻ ቢሆንም።

የእኔ ጣጣ የጀመረው በአንድ የጓደኛዬ ሰርግ ነው። ከአምቦ ወደ ጉደር በሚሄደው አጀብ ውስጥ ገብቼ ጥሩምባዬን እነፋለሁ። ከጎኔ ያለ አንድ ጎረምሳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ይቺ መኪና ናት ወይስ የስፌት ማሽን?» አይለኝም! አጀቡ ሁሉ ሳቀ። እጮኛዬም ሳቀች፤ ከሁሉም የከነከነኝ እሱ ነው።

የዚያን ማታ ወሰንኩ። አባቴ በሕይወት ሳለ ማርሚታዋ በስብሶ አንድ ቱቦ ብቻ ያለው ከላሜራ የተሠራ ማርሚታ ተገጥሞላት ነበር። እኔ እሱን ነቅዬ ሁለት ላደርገው! በግራም በቀኝም ለየብቻቸው የሚያጓሩ፣ ልክ ፊልም ላይ እንደምናያቸው የአሜሪካ መኪኖች። ብሩስ? ብር ነበረኝ። የቀለበት ብር ነው። ሁለታችንም ያጠራቀምነው፣ እኔ ዘንድ የተቀመጠ። ሁለታችንም ማለቴን አስምሩበት።

ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ይሁን» አለችኝ። እናንተ ወንዶች፣ ሴት ልጅ «ይሁን» ስትል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አምቦ አንድ በያጅ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው የብረት በርና መስኮት ነው የሚሠራው፤ መኪና የሚነካው እግረ መንገዱን ነው። ግን እጁ ፈጣን ነው፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ሥር ገብቶ ሲያይ ቆየና «ይሄ ቱቦውን የከበበው ሳጥን ምንድን ነው? መንገድ ዘግቶብኛል» አለኝ። እኔም እንደ አዋቂ «ምታው፣ ይገባል!» አልኩት። እውነቱን ልናገር ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት፤ ሰውዬው ጠይቆኛል።

ያ ሳጥን ምን እንደሆነ አሁን በደንብ አውቃለሁ። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ስለዚህ ውስጧን የምታሞቀው በጭስ ማውጫው ትኩሳት ነው። ከሞተሩ ግራና ቀኝ የጭሱ ቱቦ በላሜራ ሳጥን ተሸፍኖ ያልፋል፤ የሞተሩ ማራገቢያ በሳጥኑ ውስጥ አየር ይነዳል፤ አየሩ ከጋለው ቱቦ ጋር ተሻሽቶ ይሞቅና በወለሉ ጎን ተጉዞ ተሳፋሪው እግር ሥር ይወጣል። ጭሱን ከምትተነፍሱት አየር የሚለየው የዚያች ቱቦ ግድግዳ ብቻ ናት። በመዶሻ ስትቀጠቀጥ ግድግዳዋ ተሰነጠቀች። እኔ ከውጭ ቆሜ ድምፁን እየሰማሁ ነበር... ዱፍ ዱፍ፣ ዱፍ ዱፍ። ሕፃናት ተሰብስበው ያጨበጭባሉ። ደስታዬን አትጠይቁኝ!

በሳምንቱ እሑድ ማለዳ ወደ ጌዶ ተነሳን። እጮኛዬ አጎቶቿ እዚያ ናቸው፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልታስተዋውቀኝ ነው። ብቻዬን እንዳልሄድ የአባቴን እህት አስከተልኩ። እኛ ቤት «አዳዳ» ነው የምንላት። አዳዳ መኪና ያጥወለውላታል፤ ስለዚህ ከፊት፣ መስኮቷን ከፍታ፣ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ታቅፋ ተቀመጠች። እኔም ክርኔን በመስኮት አውጥቼ የማርሚታዬን ዜማ አዳምጣለሁ። እጮኛዬ ከኋላ። የቮልስ የኋላ መስኮት ደግሞ እንደምታውቁት አይከፈትም።

ጉደርን እንዳለፍን ዝም አለች። «ምነው?» አልኳት። «ራሴን አመመኝ» አለች። ድምፁ ነው ብዬ አሰብኩ። ቆየሁና «ደረስን እኮ» አልኳት፤ መልስ የለም። በመስታወት ሳያት ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ዓይኗን ከድናለች። በቃ፣ የቀለበቱ ነገር ነው! በሆዴ «ዘመዶችሽ ፊት እንዲህ ሆነሽ ልትገቢ ነው?» እያልኩ እኔም በበኩሌ አኮረፍኩ። መንገዱ ሽቅብ ነው፣ ጌዶ ከአምቦ ከፍ ያለ ብርዳም አገር ነው፤ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባዋለች። ይኼኔ አንጀቴ ራራ። ከእጅ ፍሬኑ ጎን ሁለት ማንሻዎች አሉ፤ አንዷ ሙቀቱን ትከፍታለች፣ ሌላዋ ለኋላ ወንበር ታስተላልፋለች። ሁለቱንም እስከ መጨረሻቸው አነሳኋቸው። ይቅርታ መጠየቄ ነበር እኮ! በአፌ ማለት አቅቶኝ፣ ሙቀት ላኩላት።

ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደነዳሁ አላውቅም። ያዳነን የአዳዳ ሆድ ነው። «ልጄ፣ አቁም፣ ልታስመልሰኝ ነው» አለች። ቆምን። አዳዳ ስትወርድ እኔም ወንበሩን አጥፌ «ነይ ውረጂ፣ አየር ውሰጂ» አልኳት። አልወረደችም። እጇን ስይዘው ተከትሎኝ ወደቀ።

ጎትቼ ሣር ላይ አስተኛኋት። አዳዳ እሪታዋን አቀለጠችው፣ አምቦ ውሃውን ፊቷ ላይ ደፋችው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቆመልንና ወደ አምቦ ይዞን ተመለሰ፤ ቮልሷን መንገድ ዳር ጥዬ። ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ነበር የነዳው። መንገድ ላይ ዓይኗን ገለጠች፣ ግን ስሜን አላወቀችውም።

ሆስፒታል ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥላችሁ ነበር?» የሚል ነው። አያችሁ፣ በዓል በመጣ ቁጥር በየሰፈሩ በከሰል ጭስ ታፍነው አደሩ የሚባለው ነገር ከመኪናም ይመጣል። ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዝና አልነሳም ይላል። ጣቷ ላይ የሰኳት ማሽን ደህና ቁጥር ሲያሳይ ልቤ ተመልሶ ነበር። «እሱን አትመን፣ ኦክስጅኑንና ይሄን ጋዝ አይለያቸውም» አለኝ ሐኪሙ። በአፏ ጭንብል አድርገውላት ንጹሕ ኦክስጅን ስትስብ ዋለች። ተራ አየር ብቻ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ጋዝ ከደም እስኪወጣ አራትና አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ በንጹሕ ኦክስጅን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል።

ወደ ማታ ራሷን ካወቀች በኋላ «አኩርፈሽ መስሎኝ...» ብዬ ጀመርኩ። «አላኮረፍኩም» አለችኝ ቀስ ብላ። «ልነግርህ ፈልጌ ምላሴ እምቢ አለኝ።» ትንሽ ቆየችና «የተናደድኩት አሁን ነው» አለች።

ቮልሷን ጎትቼ ያስመጣኋት አንድ ዕድሜያቸውን በዚህ መኪና ሥር የጨረሱ መካኒክ ዘንድ ነው። ሥር ገብተው ወጡና ለረጅም ጊዜ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከዚያ እንደ ልጅ ቁጭ አድርገው አስተማሩኝ። ሁለት ጭስ ማውጫ ወግ የሚሆነው ለአሜሪካኖቹ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው። አራቱ በአንድ ወገን፣ አራቱ በሌላ ወገን ተቀምጠው፣ ያን ሁሉ ጭስ በአንድ ጠባብ ቱቦ ሲያስወጡ ይታፈናሉ፤ ስለዚህ ለየወገናቸው አንድ አንድ። «ያንተዋ 40 ፈረስ ነው ጉልበቷ። አምቦ ከባሕር በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚያውም ላይ አንድ አምስተኛው ይቀራል። ለየትኛው ጭስ ነው ሁለት በር የከፈትከው?» አሉኝ። ይባስ ብሎ የቮልስ ሲሊንደሮች ሁለቱ በቀኝ ሁለቱ በግራ ተኝተው ሲተኩሱ፣ አንዱ ወገን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ይተኩስና ያርፋል፤ ከዚያ ሌላው። ወገን ለወገን ከለያያችኋቸው እያንዳንዱ ቱቦ ሁለቴ ይተፋና ዝም ይላል። ያ የኮራሁበት «ዱፍ ዱፍ» እሱ ነበር። አራቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ግን ትፋቱ በእኩል ተራ ይመጣል፣ ሞተሩም ይወደዋል።

ሌላም ነገሩኝ። ካርቡራተሩ ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ቤንዚን ሲበዛ ደግሞ ያ ሽታ የሌለው ጋዝ ይበዛል። ሽቅብ በወጣን ቁጥር መርዙን እያበዛሁ፣ የምንተነፍሰውን አየር እያሳነስኩ ነበር የምነዳው።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ልጆች፣ ይቺን ብቻ ስሙኝ። ጭስ ማውጫ ከተነካ በኋላ ደጅ ላይ፣ ሞተሩ ገና ሳይግል አስነሡና አንድ ሰው ወፍራም ጨርቅ በቱቦው አፍ ላይ ለአፍታ ይያዝ፤ እናንተ ጎን ሆናችሁ ስሙ። የሚያፏጭ ቦታ ካለ ያፈሳል። መጋጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ካያችሁም እንደዚያው። ጓርኒሲዮን በሌለበት ቦታ ብየዳ አይተካውም። መኪና ውስጥ ራሱን የሚያመው፣ ስትወርዱ የሚለቀው ሰው ካለ ደግሞ «መንገዱ ነው» አትበሉ። ቦሎ መለጠፉን አታስቡት፤ የእኔዋም ተለጥፎላት ነበር።

መካኒኩ የቀጠቀጥነውን ሁሉ አውጥተው ጣሉና የፋብሪካውን ዓይነት ማርሚታ ገጠሙላት። ሥራው አልቆ ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሁለት ቀጫጭን ቱቦ! ለካ ቮልስ እ.ኤ.አ. ከ1955 ወዲህ ከአንድ ማርሚታ ሁለት ቱቦ አውጥታ ነው የምትሠራው። የአባቴን ማርሚታ ከላሜራ የሠራው ሰው ነው አንዱን ያስቀረባት። እኔ የቀለበት ብር የከሰከስኩበት ነገር ድሮም የነበራት ነው። የተሰነጠቁት ሳጥኖች ግን ምትክ እስኪገኝላቸው መንገዳቸው ተደፍኗል፤ ሙቀት የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው ወር እንደገና ጌዶ ሄድን። አሁን ከፊት የምትቀመጠው እሷ ናት፤ አዳዳ ከኋላ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እሷ ግን መስኮቷን እስከ ታች አውርዳዋለች፤ እኔም አልተናገርኩም። ሁለታችንም ጋቢ ለብሰን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ነው አጎቶቿ ደጅ የደረስነው። ቀለበቱን ገና አልገዛንም፤ ከዜሮ ጀምረን እያጠራቀምን ነው። ብሩ አሁን እሷ ጋ ነው ያለው።