ስንኙን አፈር በላው

ታኅሣሥ 29 ንጋት ላይ ካህናቱ በላስታ ላሊበላ፣ በቤተ ማርያም አፋፍ ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ ካሜራው ሁሉ ወደነሱ ይዞራል። ይገባቸዋል። ከነሱ ፈንጠር ብለው፣ ስንቃቸውን አዝለው ከየገጠሩ በእግራቸው የመጡት እናቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲያመሰግኑ ያደሩትን ግን ማን ቀረጸ? የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው።

የነሱ ምስጋና በቤት አማርኛ ነው። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እመቤታችን በስንኛቸው ውስጥ ልጇን አዝላ በስደት የተጠማች፣ ምጥ የያዛትን ሴት ደጅ የምታንኳኳ እናት ናት። በልጅነቴ የማውቃቸው አንዲት አሮጊት እንዝርታቸውን እያሾሩ ሁለት ሁለት ስንኝ ይጥሉ ነበር፤ በመጀመሪያው እሷን ይጠሯታል፣ በሁለተኛው የሞተባቸውን ልጅ ይነግሯታል። ቤት አመታታቸው አይዛነፍም። ድገሙልን ሲባሉ ሌላ ይሰጣሉ እንጂ ያንኑ አይመልሱም።

ከላስታ አጠገብ ዋድላ አለ፣ የቅኔ አገር። እዚያ መምህሩ የዘረፈውን ደቀ መዝሙሩ በቃሉ ይዞ፣ የባለቤቱን ስም ጠርቶ ለሌላው ያቀብላል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ዓይናቸው ሳያይ፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ወንበር ዘርግተው አስተምረዋል። ሴት መቀኘት ብቻ ሳይሆን ማስተማርም እንደምትችል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለግ ነበር? የላስታ እናቶች ግን ደቀ መዝሙር አጡ። ቃላቸው ግዕዝ ስላልሆነ የሴት ጨዋታ ተባለና ታለፈ።

ጊዜውስ ነበረን። ሰላም ነበር፣ እንግዳው ይጎርፍ ነበር፣ መቅረጫው በየኪሱ ገብቶ ነበር። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ ለዓለቱ ስንት ተደከመ! ስንጥቁ ተመረመረ፣ በ2000 ዓ.ም. ግዙፍ የብረት መጠለያ ተተከለለት። ለዓለቱ መጨነቃችን ልክ ነበር። ቤተ አባ ሊባኖስን ያሠራችው ንግሥት መስቀል ክብራ ናት እየተባለ ሲነገር ኖሯል፤ የሴት እጅ አለበት የምንለውን ዓለት ከዝናብ እየከለልን፣ ከደጁ ተቀምጠው ለሚያመሰግኑት ሴቶች አንድ ደብተር ነፈግን። አንድ ጎበዝ ተማሪና አንድ ክረምት ስንቱን ባተረፈ!

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ። በነሐሴ 2013፣ በአሸንድዬ ወር፣ ከተማዋ በታጣቂ እጅ ነበረች። በነዚያ ዓመታት ስንቷ ባለ ስንኝ አፈር ለበሰች።

አሸንድዬው ዛሬም አለ። ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከበሮውን ይመታሉ። ያምራሉ፤ ሳያቸው እንባዬ ይመጣል። ግን መድረክ ላይ ወጥተው ማይክሮፎን ሲጨብጡ ያችው ሦስት አራት ስንኝ ናት የምትዞረው። እስቲ ሌላ ጨምሩ ቢባሉ ከየት ያመጣሉ? ሊነግሯቸው የሚችሉትን እናቶች እኛ አንድም ሳንጠይቃቸው ቀበርናቸው።