ልክ ያለው ሥራ

ጡቴና የብብቴ ንፍፊቶች በካንሰር ምክንያት ተቈርጠው ወደ ፍኖተ ሰላም በተመለስሁ ጊዜ፣ ከቡሬ ሊጠይቁኝ የመጡ ዘመዶቼ «በዚህ እጅሽ አንዳች ነገር እንዳታነሺ፤ ያብጣል» ብለው መከሩኝ። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ዕውቀት ያልመራው ፍቅር ግን የዳነውን እጅ ሊያስር ይችላል።

ንፍፊት የእጅን ፈሳሽ የሚያሳልፍ በር ነው። በሩ ሲወጣ ፈሳሹ መንገድ ያጣና እጅ ሊያብጥ ይችላል። ይህን ፈሳሽ ልብ እንደ ደም አይገፋውም፤ የጡንቻ እንቅስቃሴ ያግዘዋል እንጂ። በ2009 ዓ.ም. በፈረንጅ አቈጣጠር በአሜሪካ የታተመ፣ እጃቸው ያበጠ 141 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት፣ ከቀላል ጀምረው ቀስ በቀስ ክብደት ያነሡት ካላነሡት ይበልጥ እንዳላበጡ አሳይቷል።

እኔም ሐኪሜ ሲፈቅድልኝ ክንዴን ወደ ላይ በመዘርጋት ጀመርሁ። ቈይቼም 20 ሊትር በሚይዘው ጀሪካን አንድ ሊትር ውኃ ብቻ አድርጌ አነሣሁ፤ ከዚያ ወዲህ በጥቂት በጥቂቱ ጨመርሁ። እጄ ሲከብደኝ ወይም እጅጌዬ ሲጠብቀኝ እቀንሳለሁ፤ ለሐኪሜም እነግራለሁ። ምጣድ እንዳያቃጥለኝ፣ በአረምም ጊዜ እሾህ እንዳይወጋኝ እጠነቀቃለሁ፤ ትንሽ ቍስል ለዚህ እጅ ትልቅ ጠላት ነውና። እጅ ቀልቶ ቢያተኵስ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ወገኖቼ ሆይ፣ የታመመችን ሴት መውደድ ሥራዋን ሁሉ መንጠቅ አይደለም። ጤፍ ስታበጥር ብናገኛት «ተዪው» ከምንላት ይልቅ «የቱን ላግዝሽ?» ብንላት ይሻላል።