ድንጋዩን መጀመሪያ የወረወረው ማን ነው?



አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ጉለሌ ፓስተር ሰፈራችን ውስጥ አንድ ተማሪዬን ውሻ እግሩን ነከሰችው። እናቱ ፌጦ ልታስርበት ስትል ደረስኩ። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበን፣ በዚያው ምሽት ወደ ሕክምና ወሰድነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። ሰፈራችን ፓስተር የሚባለውም በ1885 እ.ኤ.አ. ይህን ክትባት ለሰው ባዋለው ፈረንሳዊ ሊቅ ስም ነው።

በማግስቱ ወጣቶች ዱላ ይዘው ውሻይቱን ሊገድሉ ወጡ። «ተዉ፤ 10 ቀን እንከታተላት፤ ጤነኛ ከሆነች በሽታው የለባትም» አልኳቸው። ልጁ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ ቡችሎቿን በድንጋይ እየመታን ነበር» አለኝ።

አፈርኩ። ውሻ የላሰው ዕቃ 7 ጊዜ እንደሚታጠብ አስተምሬአቸዋለሁ፤ የተጠማ ውሻ በማጠጣቱ አላህ የማረውን ሰው ታሪክ ግን አልነገርኳቸውም።

ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ፣ ከአገራችን በቀር የትም የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ ክፉኛ ፈጅቶታል።

ወላጆች ሆይ! ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ፤ በየመንገዱም አትልቀቁ። ልጆቻችሁ ከምትበላና ከምታጠባ ውሻ እንዲርቁ፣ ስትመጣባቸውም ሳይሮጡ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ምከሯቸው።

አላህ ለፍጥረቱ የምናዝን ያድርገን። አሚን።