ጊታሩ አልጠበቀውም

ነገሩ የጀመረው በአንድ የድምፅ መልእክት ነው። ጓደኛችን ታላቅ እህት አለችው፤ ቤይሩት በሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ባለፈው ሚያዝያ እናታቸው ደሴ ላይ ሲያርፉ አሠሪዎቿ ፈቃድ ስላልሰጧት ለቀብሩ አልደረሰችም። ሠልስቱንም አርባውንም በስልክ ሰማችው። ከአርባው በኋላ ነው እንግዲህ እንዲህ ያለችው፤ «ወንድም ዓለም፣ እማዬ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉራትን፣ አንተ ደግሞ በጊታር የምትጫወታትን ቀድተህ ላክልኝ። እኔ እዚህ የማለቅስበት አጣሁ።»

መልእክቱን ይዞ እኛ ዘንድ መጣ። «እኛ» የምንለው ሽሮ ሜዳ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሁለት ተማሪዎች ነን። ሙዚቀኞች አይደለንም። አንዳችን አሮጌ ላፕቶፕ አለን፤ ሌላችን ከአጎቱ ልጅ የተዋሰው ሳውንድ ካርድና አንድ ኮንደንሰር ማይክ አለው። በዚህች ንብረት የተነሣ በሠፈሩ «ስቱዲዮ ያላቸው ልጆች» ተብለናል። መቼስ ስም ለማውጣት ማን ይሰንፋል!

ስቱዲዮውን እንግለጽላችሁ። ክፍሏ 3 ሜትር በ3 ሜትር ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ የተለሰነ ባዶ። አንዴ ብታጨበጭቡ ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመለስባችኋል። ስለዚህ ፍራሾቻችንን አንሥተን ግድግዳው ላይ አስደገፍን፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ የቀረውን በጋቢ ሸፈንን። የዚያን ሰሞን የተኛነው ምንጣፍ ላይ ነው። ወፍራም ጨርቅ ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል፤ ወፍራሙን ድምፅ ግን እምብዛም አይነካውም። ቢሆንም ክፍሏ ዝም አለች። አቧራውም ተነሣ፤ አቧራውን ኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ሥራውን «እንደ ባለሙያ» ልንሠራው አሰብን። ባለሙያ ሲሠራ አይተን አናውቅም፤ መምህራችን በስልክ ያየነው ቪዲዮ ነው። ጊታሩ ለብቻው ይቀዳል። ቀጥሎ ዘፋኙ የተቀዳውን ጊታር በሄድፎን እየሰማ ድምፁን ለብቻው ይቀዳል። ጊዜው እንዳይዛነፍ ሜትሮኖም፣ ያ ቲክ ቲክ የሚለው ማለት ነው፣ ጆሮው ላይ ይደረግለታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ድምፁ ቢሳሳት ድምፁን ብቻ፣ ጊታሩ ቢሳሳት ጊታሩን ብቻ መድገም ይቻላል። ለጭፈራ ዘፈን ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም።

ጊታሩን ባንድ ከሰዓት ጨረስነው። ማይኩን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አራቅነው፤ ያነጣጠርነውም ወደ ቀዳዳው ሳይሆን ወደ 12ኛው ፍሬት፣ አንገቱ ወደ ሆዱ በሚጠጋበት በኩል ነበር። ከቀዳዳው ፊት ከተደቀነ ድምፁ ከበሮ ከበሮ ይላላ። የተቀዳው ጥርት ያለ ጊታር ነው፤ ደስ አለን።

ጉዱ የመጣው ድምፁ ላይ ስንደርስ ነው። ሁለቱ የመጀመሪያ ቤቶች በሰላም አለፉ። ሦስተኛው ቤት፣ የእናቱ እንዝርት የሚነሣበት ላይ ሲደርስ ልጁ ዘገየ። ጊታሩ ግን አልዘገየም፤ ጥሎት ሄደ። «እንደገና» አልን። እንደገና ዘገየ። 11 ጊዜ ደገምነው፤ 11ዱንም ጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ተጣሉ። በመጨረሻ ሄድፎኑን አወለቀና፣

«ይኼ ጊታር የኔ አይደለም» አለ።

«ኧረ ያንተው ነው! ዛሬ ከሰዓት አንተ አይደለህ እንዴ የመታኸው?»

«የኔ ቢሆን ይጠብቀኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ሰበብ መሰለን። እሱ ከሄደ በኋላ ሌሊቱን ቁጭ ብለን ድምፁን በላፕቶፕ ቆራረጥነው፤ የዘገየውን አፈጠንን፤ የተንቀጠቀጠውንም አቃናን። ሲነጋ አስደመጥነው። ስሕተት የለበትም፤ ንጹሕ ነው። አዳመጠና ጸጥ አለ። ከዚያ «ይኼን ለእህቴ አልክም» ብሎ ጊታሩን አንሥቶ ወጣ።

ጎበዝ፣ ተናደድን። ሌሊት ሙሉ ስንደክም ያደርንበትን! ነገር ግን ንዴቱ ሲበርድ አንድ ነገር ማሰባችን አልቀረም። የአስናቀች ወርቁን ክራር ከድምጿ ለይቶ ማን ሰምቶታል? ትዝታ የሚጫወት ሰው ቃሉን ሲያስረዝም ጣቱ ይጠብቀዋል፤ ትንፋሹ ሲያጥር ጣቱ ይሞላለታል። መሣሪያውና ጉሮሮው ሁለት ሠራተኞች አይደሉም፤ አንድ ሰው ናቸው። እኛ ያደረግነው ያንን አንድ ሰው ለሁለት ከፍሎ፣ ሰኞ የመታውን ጣት ማክሰኞ ለሚያለቅሰው ጉሮሮ አለቃ አድርጎ መሾም ነው። ሰኞ የተመታ ጣት ማክሰኞ የሚመጣውን ለቅሶ ከየት ያውቀዋል?

ይኸ ደግሞ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ጥቁሩ አሜሪካዊ የብሉዝ ዘፋኝ ሮበርት ጆንሰን በኖቬምበር 1936 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ውስጥ የቀዳው ከአንድ ሆቴል ክፍል ሆኖ ነው፤ ጊታሩን እየመታ፣ እየዘፈነ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን በጃንዋሪ 1982 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ በሚገኘው ቤቱ ባለ 4 ትራክ የካሴት መቅጃ አጠገቡ አድርጎ ዘፈኖቹን ቀዳ። ያሰበው ለባንዱ ማሳያ እንዲሆኑ ነበር። ኋላ ከባንዱ ጋር በትልቅ ስቱዲዮ ቢሞክሩትም የካሴቱን መንፈስ ስላላገኘው ያው የቤት ካሴት «ኔብራስካ» ተብሎ በዚያው ዓመት ታተመ። ትልቁ ስቱዲዮ ያጣውን ነገር እኛም በሽሮ ሜዳ አጥተነዋል ማለት ነው።

ይቅርታ ጠይቀን መለስነው። አብሮ መቅዳት ግን እንደ ማውራቱ አልቀለለም። ሠርግ ላይ ከሚጫወት ልጅ ሌላ ማይክ ተውሰን አንዱን ለአፉ፣ ሌላውን ለጊታሩ ሰጠን። ስናዳምጠው ድምፁ ቱቦ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ሰው ሆነ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 34 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ የሰከንድ አንድ ሺሕኛ ይፈጅበታል። ስለዚህ ያው አንድ ድምፅ የአፉ ማይክ ዘንድ ቀድሞ፣ የጊታሩ ማይክ ዘንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለቱ ሲደመሩ ከሞገዱ ከፊሉ ይጠናከራል፤ ከፊሉ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ከሚቀዳው ነገር ካለው ርቀት 3 እጥፍ ይሁን የሚባል ደንብ አለ። ግን ከአንድ ሰው አፍ እስከ ጊታሩ ግማሽ ሜትር ቢሆን ነው። በደንቡ ከሄድን እያንዳንዱ ማይክ 17 ሴንቲ ሜትር ድረስ ሊጠጋ ነው፤ ያን ያህል ሲጠጋ ደግሞ ትንፋሹ እፍ እፍ ይላል፤ ድምፁም ከመጠን በላይ ይወፍራል።

ሁለተኛውን ማይክ መለስን። አንዱን ብቻ በደረቱ ትክክል፣ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ፣ ትንሽ ወደ አፉ ቀና ብሎ አቆምነው። እንግዲህ ኋላ የሚስተካከል ነገር የለም። ድምፁ ጊታሩን ከዋጠው ማይኩን ዝቅ እናደርጋለን፤ ጊታሩ ድምፁን ከዋጠው ከፍ እናደርጋለን። ፒኩንም አስጥለነው በጣቱ መታ። በአንድ ጣት ስፋት ስንገፋና ስንስብ ሁለት ሌሊት አለፈ።

በሦስተኛው ሌሊት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መንገዱ ጭር አለ። ኤሌክትሪኩ እንዳያጉረመርምብን የላፕቶፑን ቻርጀር ነቀልን። የቀረው ከግድግዳው ማዶ ያለው የአከራያችን ፍሪጅ ነበር። እንቅልፍ የላቸውምና ሄደን፣

«እማማ፣ ፍሪጁን ለአንድ ሰዓት ብናጠፋው?» አልናቸው።

«ምነው ልጆቼ፣ በደኅና?»

ነገርናቸው። ምንም አላሉም። ፍሪጁን ራሳቸው ነቀሉትና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው ከበራችን ውጭ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ውሻ አበላሸው፤ ሁለተኛውን ክር። በሦስተኛው ሁለቱ ቤቶች አለፉ፤ እንዝርቱ ጋ ደረሰ። ዘገየ። ጊታሩም ዘገየ። ድምፁ ሊቆም ምንም አልቀረውም፤ ጣቱ አንዲት ክር ብቻ እየነካ ቆሞ ጠበቀው። ምን ያህል እንደጠበቀው አናውቅም፤ እኛ ግን ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። ያን ጊዜ ነው ያ የፍራሽ አቧራ የሠራልን፤ ከሁለት አንዳችን ሳልን።

እሱ ሳያቋርጥ ጨረሰ። እኛ ግን መሬት ብትውጠን በወደድን። ሳሉን ቆርጠን እንዳናወጣው ከድምፁም ከጊታሩም ጋር አንድ ላይ ገብቷል፤ እሱን ስንቆርጥ ሁሉም ይቆረጣል። «እባክህ አንዴ ድገመው» ብለን ለመንነው። ጊታሩን አቀፈና፣ «እናንተ ደግሞ! ለቅሶ ይደገማል እንዴ?» አለን። ከበሩ ውጭ እማማ አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማን።

እንዳለ ላክነው።

ሦስት ቀን ሙሉ መልስ አልመጣም። በአራተኛው ቀን ድምፅ ሳይሆን ጽሑፍ ላከች። ማታ ማታ ሥራ ስትጨርስ ኩሽና ውስጥ ሆና እንደምትሰማውና አሁን ማልቀሻ እንዳገኘች ጽፋ፣ ከታች እንዲህ አከለችበት፤ «እዚያ መሐል የሳለው ልጅ ማነው? ሳሉ ደግ አይመስልም፤ ዝንጅብል በማር አፍልተህ ስጠው።»

የሳለው አንዳችን ነው። ዝንጅብሉን ግን ሁለታችንም ጠጣን።